ያዘገየን መቋሚያ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስምንት ነፊዎችን የመራው የአንድ አዛውንት መቋሚያ ነው።

እሑድ የመምህራችን የጋሽ ታደለ አርባ ነው። ከማረፋቸው በፊት አንድ የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለቱባ አመቻችተው ጻፉልን። ዲ ማይነር በሚባለው ሐዘንተኛ ቅኝት ነው፤ ከላዩ ላይ "በጣም በዝግታ" ብለው ጽፈውበታል።

እኛ ደግሞ የማርሽ ባንድ ነን። እግራችን መሬት መምታት ከጀመረ ሐዘኑም ሰልፍ ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ በልምምድ ላይ ዜማውን ስናስሮጠው ሰነበትን።

ዛሬ ከሰዓት አንድ መሪጌታ በመለማመጃ ክፍላችን መስኮት በኩል ቆመው ሰሙን።

"ልጆቼ፣ ዜማው ያዘነ ነው። እናንተን ምን ያስቸኩላችኋል?"

"እስቲ የኔታ፣ እርስዎ ያሳዩን" አልናቸው።

መቋሚያቸውን አንስተው እንደ ማኅሌት ዝማሜ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት ጀመር። ዓይናችንን እሱ ላይ ተክለን ነፋን። የቱባው ድምፅ እንደ ጠዋት ጉም ከወለሉ ተነሣ። በመንገዱ የሚያልፈው የጋሪ ፈረስ እንኳ በእኛ ልክ የሚራመድ መሰለኝ።

እስክንጨርስ የማንም እግር መሬት አልመታም።

ጋሽ ታደለ አሥር ዓመት ሙሉ "ቀስ በሉ" ሲሉን አልሰማናቸውም። እሑድ እሺ ልንላቸው ነው።

እናንተስ፣ ዘግይታችሁ እሺ ያላችሁት ሰው ማን ነው?