ፊደሉ የጠፋው የጽሕፈት መኪና

መዝገቡ «የጽሕፈት መኪና፣ ትልቅ፣ ፊደሉ የጠፋ» ይላል። ዕቃውን ከመጋዘን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሳቄ አመለጠኝ። አኮርዲዮን ነበር። በቀኙ እንደ ፒያኖ ነጭና ጥቁር ቁልፎች፣ በግራው ትንንሽ አዝራሮች፣ መሐሉ ላይ አየር የሚስብና የሚተፋ ወናፍ አለው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቁልፎቹን አይቶ መጻፊያ ነው ብሏል፤ ፊደል ሲያጣባቸው ደግሞ ታይፒስቶቹ ፍቀው ጨርሰውታል ብሎ ደምድሟል። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ተቆጥሯል።

ደርግ ሲወድቅ የመካነ ሰላም ኪነት ቡድን ተበተነ። ከበሮው ለትምህርት ቤት ተሰጠ፣ ልብሱን አይጥ በላው፣ አኮርዲዮኑ መጋዘን ገባ። ኋላ አሮጌ ንብረት ሁሉ ተገምቶ በጨረታ ይሸጥ ተባለና ሦስት ሰው ያለበት ገማች ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ከገንዘብ ቤት የመጣ፣ ከግምገማ ወደ ግምገማ ሲሮጥ የሚውል ሰው ነው። ሁለተኛው ያው ንብረት ክፍሉ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ የሙዚቃ ዲፕሎማ ይዤ የመጣሁ የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ። ያስገቡኝም ቅጹ ላይ «ባለሙያ» የሚል የፊርማ ቦታ ስላለ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው አኮርዲዮኑን ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነና፣ «እንጨቱስ ደኅና ነው» አለ። ስሙ ይታረም ስለው፣ መዝገብ ከተሰረዘ ኦዲተር ያስቸግረናል ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሁለቱንም ናቅኋቸው፤ ንቀቱም ደስ ይለኝ ነበር።

አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሞክረው ድምፁ የተዛባ ሆነብኝ። ከትምህርት ቤት ይዤው በመጣሁት ድምፅ መለኪያ ሳስተያየው፣ ገሚሱ ቁልፍ ከልኩ ዝቅ፣ ገሚሱ ከፍ ብሏል። ጀርባውን ፈትቼ ሳየው ድምፅ የሚሰጡት የብረት ምላሶች ላይ የሞረድ ጭረት አለ። የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ የጨከነበት ብዬ ተናደድኩ።

ደንቆሮው በማግስቱ መጣ። የኪነት ቡድኑ አኮርዲዮን ተጫዋች የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ ገበያ ዳር ተቀምጠው ሚዛንና የበር ቁልፍ ይጠግናሉ። የመጡት ዕቃው ሊሸጥ መሆኑን ሰምተው ነው።

«ልጄ፣ አልተበላሸም» አሉኝ። «እኔው ነኝ የሞረድሁት። ከፈረንጅ አገር በመጣበት ድምጡ አንቺ ሆዬን አይላትም። ማሲንቆው ወደሱ አይመጣም፤ እሱ ነው ወደ ማሲንቆው የሚሄድ። በየክረምቱ አንዳንድ ምላስ እያልሁ ስንት ዘመን ፈጅቶብኛል። ሳልሞት ቤቴ ይግባልኝ፤ ሌላ አልሻም።»

ሰብሳቢው አዘነላቸው መሰል፣ «እንግዲያው ተበላሽቷል ብለው ይመስክሩና በብረት ዋጋ ይውሰዱት» አላቸው።

«ወላሂ አልልም!» አሉ ሽማግሌው። «ያልተበላሸውን ተበላሸ ብዬ እጄን ልስደበው?»

አንዲት ቃል ብትወጣቸው አኮርዲዮኑ የሳቸው ነበር። እኔ ግን የድሃ ኩራት ብዬ በልቤ ሳቅሁባቸው። ገበያ ዳር ቁልፍ የሚሞርድ ሰው እኔን ስለ ድምፅ ሊያስተምረኝ! ለሰብሳቢው፣ ቢስተካከል ዋጋው እጥፍ ይሆናል ብዬ ነገርኩት። አይኑ በራ። ሞረድ ገዝቼ፣ ድምፅ መለኪያዬን አጠገቤ አድርጌ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩና እያንዳንዱን ምላስ መጽሐፉ ወደሚለው ልክ መለስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

የጨረታው ቀን ሽማግሌው ንጹሕ ኮት ለብሰው፣ ያጠራቀሙትን ይዘው መጡ። መነሻ ዋጋው ከፍ ማለቱን ሲሰሙ እንኳ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ሚዛናቸውን ሸጠው መምጣታቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። «እስቲ ላናግረው» ብለው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። አንቺ ሆዬን ጀመሩ። አራት አምስት ድምፅ እንዳሰሙ ጣታቸው ቆመ። እንደገና ሞከሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ። አስተካከልኩልዎት» አልኳቸው፤ ደረቴን ነፍቼ።

ወናፉን ቀስ ብለው ዘጉት። ማሰሪያውን ቆለፉ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ሕፃን አስተኙትና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አብሽር ልጄ፣ አላወቅህም» ብለው ወጡ። ዋጋ እንኳ አልጠሩም። ባለ ዲፕሎማውን አይዞህ ማለታቸው ለቀናት አንገበገበኝ። አኮርዲዮኑን ከሳዑዲ የተመለሰ ነጋዴ ገዛውና ሱቁ ውስጥ ፍሪጁ ላይ ከፕላስቲክ አበባ ጋር አስቀመጠው።

ዓመታት አለፉ፤ ሽማግሌውም ሞቱ። አንድ ቀን ከደጎሎ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ሳለ፣ ሾፌሩ ፍዝዝ ያለ የድሮ ካሴት ከፈተ። የኛው ኪነት ቡድን ነው። ሴቲቱ አንቺ ሆዬን ትዘፍናለች፣ ማሲንቆው ይከተላታል፣ በሁለቱ መሐል ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። መጀመሪያ የሴቲቱ ጉሮሮ መስሎኝ ነበር። ወናፉ አየር ሲስብ ስሰማ ነው ያወቅሁት። አንድም የተዛባ ነገር የለበትም። ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁ ዕለት ማንም እንዳያስተምረኝ ጆሮዬን ዘግቼ መምጣቴን ያኔ ተረዳሁና በራሴ አፈርኩ። ያ የሳቅሁበት ንብረት ክፍል እንኳ ስሙን ሳተ እንጂ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይነካው አኑሮታል። ስሙን አውቄ የገደልኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የባህል ሰው ነዎት አሉ» አለኝ ሾፌሩ። «ይኼ ከማሲንቆው ጋር የሚያለቅሰው ምንድን ነው?»

«የጽሕፈት መኪና ነው» አልኩት።