ልጄን ከልጄ ያስጣልኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበረው ክረምት፣ ልደታ ጌጃ ሰፈር ነው። የማልረሳው፣ ዛሬም «የገዛ ልጇን ያሳሰረች» እያሉ የሚያሙኝ ስላሉ ነው።

ልጄ ሜሮን የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት። ከሩቅ ሀገር በረራ ስትመለስ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆንባታል። ዓይኗ ፈጦ ነበር የሚያድረው። በኋላ የሥራ ጓደኞቿ ሜላቶኒን የሚባል ኪኒን ነገሯት፤ ሐኪም ጠይቃ ጀመረች። ልትተኛ ስትል አንድ ትውጣለች። እንቅልፏ ሲመለስላት እኔም ተመስገን አልኩ።

ታላቅ ወንድሟ ቴዎድሮስ አባታቸው ከሞተ ወዲህ አባቷ እኔ ነኝ ባይ ነው። ኪኒኑን ስትውጥ ያያት ኖሯል። አንድ ቀን ጠዋት ከበረራ ገብታ፣ ኪኒኗን ውጣ ተኛች። እሱ ብልቃጡን ይዞ መጣብኝ። የእርግዝና መከላከያ ነው፣ በየሆቴሉ የምታድረው ለዚህ ነው፣ ሰፈሩ ሳቀብን አለ። የእንቅልፍ ነው ልጄ ብዬ ለመንኩት።

«አንቺ የፈረንጅ ፊደል የት ታውቂና! ያለችሽን ነው የምትደግሚው» አለኝ።

እሱ እስከ አስረኛ ተምሯል። ብልቃጡ ላይ ያለውን ግን አላነበበም።

በፀጉሯ ጎትቶ ከአልጋ ጣላት። በቅጡ ስላልነቃች እጇን እንኳ አላነሳችም። በቀበቶው ዘለበት ፊት ፊቷን ነረታት። ቅንድቧ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኗን ሲሞላው የፈሰሰ መሰለኝ። መሃል ብገባ ከግድግዳ አላተመኝ። ከዚያ አንገቷን ያዘ። እግሯ ሲንፈራገጥ ሳይ ዘነዘናውን አንስቼ ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ጡቴን ያጠባሁት ልጅ ነው።

ኡኡታዬን ሰምቶ ጎረቤት ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ወንድሟ ነው፣ ነገሩ በቤት ይለቅ አሉኝ።

«ነገ ሬሳዋን ስታወጡልኝ ምን ልትሉኝ ነው?» አልኳቸው። ነጠላዬ ደም እንደነካው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

ዓይኗ ተረፈላት፣ ሥራዋ ላይ ናት። እሱም ታስሮ ወጣ፣ ክንዱም ዳነ። እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እሷ ግን እስካሁን አታናግረውም።

በቀደም «እማዬ፣ አሁንም ትፈሪኛለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እወደዋለሁ፣ ለእሱም ጸሎት አደርሳለሁ። ግን ሜሮን ተኝታ ሳለ ከመጣ ወደ ውስጥ አላስገባውም። ወንበር አውጥቼ ደጅ ላይ ተቀምጠን እናወራለን።