እናቴን የዘለለው ጽዋ

ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ሰው በመኪናው በአርባ ደቂቃ ይደርሳል። የእናቴ ጉዞ ግን የሚጀምረው በዋዜማው ነው። አካል ጉዳተኞችን የሚያመላልሰው ቫን ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ይያዛል። "ጠዋት ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል ባለው ውስጥ እንመጣለን" ይሉናል። እኛ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ወደ ሕንፃው መግቢያ፣ ሎቢ ወርደን፣ እሷ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ እኔ በሩን እያየሁ እንጠብቃለን። ሽንት ቤት መሄድ አይታሰብም፤ ሹፌሩ መጥቶ ካጣን ትንሽ ጠብቆ ጥሎን ይሄዳል።

እናቴ ኤምኤስ የሚሉት የነርቭ ሕመም አለባት። ሕመሙ በዕድሜ ይበልጠኛል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እሱ ሃያ ሁለት። ስለዚህ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው፤ ቀድሞኝ የተወለደ፣ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር እሱ እንዳለው የሚሆን። እሷ ዘንድሮ ስድሳ ሞላት። ልጅ ሳለሁ በከዘራ ትሄድ ነበር፣ ከዚያ በሁለት እጅ በሚገፋው ዎከር፣ አሁን ከቤት ከወጣን በዊልቸር ነው። ዶክተሯን "ይኼ አዲሱ ድካም የሕመሙ ነው የእርጅናው?" ብላ ብታስጠይቀኝ "መለየት አይቻልም" አለ። "እንግዲያው ተጋብተዋላ" አለች። ዶክተሩ እንድተረጉምለት ቢያየኝ ሳቄ አላስተረጉም አለኝ።

አባቴ በሕይወት ስለሌለ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ኤሌቬተሩ ከተበላሸ መውጣት የለም። አንድ ሰመር ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልተሠራም ነበር። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፓርኪንጉን ስታይ ትውላለች፤ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ በቃሏ ታውቃለች። "ቀዩ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም። አሞት ይሆን?" ትለኛለች። ሰውየውን አይታው አታውቅም። በዚያ ዘጠኝ ቀን ነው ከፊደል ቆጠራ አልፌ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስጀመረችኝ፤ ሌላ ምን እንሥራ? ይኸው አሁን ማን ያስቆመኛል።

ከዚያ ቤት ውጭ የቀራት አንድ ነገር የማርያም ማኅበሯ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ ነበር የሚጠጡት፤ እዚህ አገር ሥራ ስላለ እመቤታችን ቅዳሜ እስኪደርስ ትታገሣቸዋለች። በየወሩ በአንዷ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠበል ጠዲቁ ይቀመሳል፣ ሲያበቃ በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለቀጣዩ ወር ተረኛ ይሰጣል። የእናቴ ወር ኅዳር ነው።

ነበር ልበል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ሳለ፣ ሰብሳቢያቸው በእኔ ስልክ ኮል አደረጉ።

"የኔ ልጅ፣ እናትሽን እንዳላስጨንቃት አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ኅዳርን ትችለዋለች?"

እናቴ በዚያ ሳምንት ሻወር ውስጥ ወድቃ ነበር። እሱ እውነት ነው። ግን እኔ ያሰብኩት እሱን አይደለም። በዚያው ቅዳሜ ጌይተርስበርግ የምትኖር የክፍሌ ልጅ ልደት ነበረ፤ ቤት ሳጸዳና ሳህን ሳቀርብ መዋል አልፈለግኩም።

"አትችልም፣ እትዬ። ዶክተሩ ከልክሏታል" አልኳቸው። ዶክተሩ ምንም አላለም።

"በቃ እኛ እንሸፍንላታለን። እንዳትነግሪያት ደግሞ፣ ትሸማቀቃለች።"

በዚያ ኅዳር ጽዋው እናቴን ዘሎ ሌላ ሴት ቤት ገባ። "አንቺ ዕረፊ" አሏት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ይሉኝታ ያዛት። በዓመቱ ደግሞ ዘለሏት። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ ጉዳዩን ያነሳ የለም። እሷ ግን ማኅበር ስትሄድ ኮቷን ማውለቅ ተወች። በር አጠገብ ያስቀምጧታል፣ ትራስ ይደግፉላታል፣ ሳህኗን ያመጡላታል፣ ዳቦ ልቁረስ ስትል "አትድከሚ" ይሏታል። እኔ ይኼን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። በዘገየሁ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ መጣ።

ዘንድሮ በጥቅምቱ ማኅበር ቀን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ቫኑ ውስጥ ነበርን። ዊልቸሯ በአራት ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ የእኔ ወንበር ከኋላዋ ስለሆነ የሚታየኝ የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። ቫኑ የጋራ ነውና መጀመሪያ ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ አወረደ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ጫነ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖናል፣ ገና ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነን፤ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ቆሟል።

"የዛሬው የመጨረሻዬ ነው" አለች እናቴ፣ ወደ ፊት እያየች። "ስሜን ሰርዙት ልላቸው ነው።"

"ለምን?"

"ቂም ይዣለሁ። ቂም ተይዞ ጽዋ አይጠጣም።"

"በማን ነው የተቀየምሽው?"

"በአሥራ አንዱም።"

ማኅበሩን ከተወች መስኮቱና ቀዩ መኪና ብቻ ይቀሯታል። ወርጄ ልሂድ ብል ድልድይ ላይ ነን።

"እማ፣ እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ለመዞር ሞከረች፤ ማሰሪያው አላስዞራትም። "ወደ ፊቴ ነይ" አለችኝ። እኔም ቤልት አስሬያለሁ፣ ሹፌሩም በመስታወት እያየኝ ነው። ለነጠላዋ ነው የተናዘዝኩት።

"ያቺ ጌይተርስበርግ ያለችው ናት? ኋላ የተጣላሻት?"

"አዎ።"

"ለእሷ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት የሸጥሽኝ። ሌላስ ምን ምን አትችልም ብለሻል?"

ቆጠርኩላት። ክርስትና ሲጠሯት ደክሟታል ብያለሁ። ሠርግ ሲጠሯት ሙቀት አይስማማትም ብያለሁ። አንዳንዱ እውነት ነበር።

"እኔን ጠይቀሽኝ ነበር?"

"አልጠየቅኩሽም።"

ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበችው፤ ጥለቱም አልታየኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማኅበሩ ቤት እንደተለመደው ትራሱ መጣ። ጸሎቱ አለቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሰብሳቢዋ ጽዋውን አንሥተው "ኅዳርን ማን ይሸፍናል?" ሲሉ አንዷ "እኔ ልውሰደው" አለች።

"ተረኛዋ እኔ ነኝ" አለች እናቴ።

ልውሰደው ያለችው የዘረጋችውን እጇን መለሰች።

"እህቴ፣ እኛ እኮ አዝነንልሽ ነው" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ማዘናችሁን ልጄ ነገረችኝ። እኔን መጠየቁ እንዴት ጠፋባችሁ?" ወደ እኔ ዞረች። "ተነሺ፣ ንገሪያቸው።"

ተነሥቼ ነገርኳቸው፤ ልደቱንም አልዘለልኩም።

"ተዪያት፣ ልጅ ናት" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ያኔ ነው ልጅ የነበረችው" አለች እናቴ።

"እኛስ የሸበትነው፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃል ይዘን ሦስት ዓመት የተጓዝነው?" አለች ዳቦውን የቆረሰችው ሴት።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ትልቅ ሴት ግን አልተዋጠላቸውም። "እሱስ ይሁን። ኤሌቬተራችሁ ከተበላሸ እኔ አራተኛ ፎቅ በምን ልወጣ ነው?"

"አይወጡማ። ሎቢ ቁጭ ብለው እንደኔ በር ያያሉ" አለቻቸው እናቴ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ጽዋውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ቂሙ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ሳምንት "ውሃ ስጪኝ" እና "መብራት አጥፊ" ብቻ ነበር የምትለኝ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮና ጎመን ነው የሠራነው፤ ማለትም እኔ ሠራሁ፣ እሷ ከወንበሯ ሆና አዘዘች። ጉልበቷን ለመቆጠብ ሁለት ቀን ሙሉ ተኛች። ቅዳሜ ኤሌቬተሩ ሠራ፤ አሥራ አንዱም መጡ። በሩን የከፈተችላቸው እሷ ናት፣ በዎከር ቆማ። ዳቦውን የቆረሰችውም እሷ ናት፤ አንዱ ቁራሽ እንደ ጡብ፣ አንዱ እንደ ወረቀት ወጣ።

ሰዓት ሳይሞላ ምላሷ ሲከብድ ሰማሁ። ሲደክማት ቃሏ ይጎተታል። ሰብሳቢዋም ሰምተው ዓይናቸውን ወደ እኔ ላኩ። "ደክሟታል" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ሁሉም እየሰሙ "እማ፣ ምን ላድርግ?" አልኳት።

"አልጋዬ... ላይ ልጋደም።"

ሁለቱ ወዲያው ኮታቸውን አነሡ። "እንሂድላት፣ ትረፍ" አለች አንዷ።

"ኮት ያነሳች... ተቀይሜያታለሁ" አለች እናቴ።

ኮቶቹ ተመለሱ። አልጋዋ ላይ ካስተኛኋት በኋላ ሳህን ላመጣ ኩሽና ገባሁ፤ ስመለስ ሳሎኑ ባዶ ነው። ሁሉም መኝታ ቤቷ ገብተዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ አራት፣ ሣጥኑ ላይ ሁለት፣ የቀሩት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ዊልቸሯ ላይ ተቀምጠው በሩን ዘግተውታል። ኅዳርን ሲሸፍኑ ተራው ተዛብቷልና ታኅሣሥን ማን እንደሚወስድ ይከራከራሉ። የእናቴ ድምፅ እየተጎተተም ቢሆን ከሁሉም በላይ ይሰማል።

"እትዬ፣ ያሳልፉኝ" አልኳቸው።

"ወዴት? እግር ማሳረፊያ ቦታ የለም። ሳህኑን ወዲህ በይው።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አቀበልኩ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገሩ ወደ አልጋው ሄዱ። የመጀመሪያው እናቴ ጋ መድረሱን ማየት አልቻልኩም። "ሽሮው... ጨው አንሶታል" ስትል ግን ሰማሁ።