ለጫጩት የታኘከ ገብስ

የልጅ ልጄ ከመካነ ሰላም ገበያ ጫጩቶች ገዝታ ከመጣች ወዲህ፣ ጭው ጭው ሲሉ መንጋጋዬ አላርፍ ብሏል።

ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት በዚያ የረሃብ ዘመን፣ ሸለምጥማጥ እናታቸውን የበላችባቸውን ጫጩቶች አያቴ ለእኔ ሰጡኝ።

«ገብስ እያኘክሽ ከከንፈርሽ አጉርሻቸው፤ ሰው ይለምዳሉ። እንዳትውጪ ግን፣ አደራ! አድገው እንቁላል ከጣሉልን እንተርፋለን።»

ሆዴ ባዶ፣ አፌ ሙሉ! ምራቄ ይጎርፋል፤ አያቴም ጉሮሮዬን ጉሮሮዬን ያያሉ። አንድ ቀን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ አላይሽም» አሉኝ።

ዋጥሁት። ትንሿ ጫጩት ጉልበቴ ላይ ወጥታ ባዶ ከንፈሬን ጠቅ ጠቅ ታደርገው ጀመር።

«እማምዬ፣ ምን ያኝካሉ?» ትለኛለች ዛሬ የልጅ ልጄ።

«ምንም» እላታለሁ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ።