የገዳሪፍ ራጅ የዘገየበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ በምሠራበት ቢሮ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የቅርንጫፎቻችንን የኔትወርክ ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። መሃሉ ላይ ዋናው ቢሮ አለ፤ ከእሱ መስመሮች ወደየከተማው ይሄዳሉ።

«ለመሃሉ ምን ያህል ባንድዊድዝ፣ ማለቴ የመስመር ስፋት፣ ይበቃዋል ይላሉ?» አለኝ።

ሐሳቤ ካርቱም ደርሶ ነበር።

ያደግኩት እዚያ፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ነው፤ እናቴ የጎንደር ሰው፣ አባቴ ሱዳናዊ። ትምህርት እንደጨረስኩ እዚያው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ዋና ቢሮው ያለ የክሊኒኮች ድርጅት በኔትወርክ ሥራ ቀጠረኝ። ቅርንጫፎቹ በገዳሪፍ፣ በከሰላ፣ በኦበይድና በፖርት ሱዳን ነበሩ። ከሰላ ለጎረቤቷ ለገዳሪፍ የምትልከው እንኳ መጀመሪያ እኛ ጋ ይገባል። ራጅ የሚያነበው ሐኪምም እኛ ዘንድ ብቻ ነበር።

በዚያ ኸሪፍ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ባደረገበት ወቅት፣ ለመጪው ዓመት የመስመሩን ስፋት እንድናቅድ ታዘዝን። አለቃዬ ሃሺም የቀኑን አማካይ የፋይል መጠን ይዞ ሊያሰላ ፈለገ። እኔን ያስፈራኝ ጠዋቱ ነበር፤ ሁሉም ቅርንጫፍ የትናንቱን ፋይል ከቁርስ በፊት ባንዴ ይልካል።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ባዶ ነው። ለባዶ መስመር ማን ይፈርምልናል?» ይለኛል። እውነቱን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ለፉሉ ዳቦ እየቆረስን ሳለ ስልኩ ጠራ። የገዳሪፏ ነርስ አልማዝ ናት፤ ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምታወራው።

«እህቴ፣ የላክነው ራጅ ደረሰ?»

«ገና ነው።»

«ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯታል። ሰሊጥ ልታርም ከመተማ መጥታ ከትራክተር ላይ ወደቀች። በዚህ ጭቃ ወደ እናንተ አናመጣትም።»

ኮምፒውተሩን ሳይ ምስሉ ገና ጫፉ ነው የገባው። የሌሎቹ ፋይል መስመሩን አጨናንቆታል። ለሃሺም ነገርኩት። ዳቦውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ወደ ከሰላና ኦበይድ ደውይ። ፖርት ሱዳንን ለእኔ ተዪው።»

የከሰላው ጸሐፊ «መላኩን አቁም» ስለው «እስከ መቼ?» አለኝ።

«ገዳሪፍ ያለች የአንዲት ልጅ ራጅ እስኪያልፍ። እንደውልልሃለን።»

«ሓዲር፣ እሺ» አለና ዘጋው። የኦበይዷም እንዲሁ። ፖርት ሱዳን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ካቋረጠ ደግሞ ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው። እሱም አቆመ።

ምስሉ ከላይ ወደታች መሞላት ጀመረ፤ ትከሻ፣ ከዚያ የጎድን አጥንት። ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ሳያልቅ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ገዳሪፍ ደውሎ እዚያ ላለው ሐኪም፣ «ደረቷ ውስጥ አየር ታምቋል። አሁኑኑ ቱቦ አስገባላት» አለው።

ጠበቅን። ሃሺም ሻዩን ሲያማስል ቆየ፤ አልጠጣውም። አልማዝ መልሳ ስትደውል «ደህና ተነፈሰች» ብቻ ነው ያለችኝ። ያኔ አለቀስኩ።

ሃሺም ከሰዓት በኋላ ዕቅዱን እንደ አዲስ ሠራው። የመሃሉን መስመር በጠዋቱ ጭንቅንቅ ልክ አሰፋው፣ ራጅም ከሁሉም ቀድሞ እንዲያልፍ አደረገ። ዳይሬክተሩ እያጉረመረመም ቢሆን ፈረመ።

ለወጣቱም ይህንኑ ነገርኩት፤ ሁሉም ባንዴ የሚልክበትን ሰዓት ይፈልግ፣ የማይዘገየውንም ለይቶ ያስቀድም። እሱ ሲወጣ እኔ እዚያው ቀረሁ። በኋላ የመጣው የሱዳን ጦርነት ሁላችንንም በትኖናል፤ ሃሺም የት እንዳለ አላውቅም። የከሰላውንና የኦበይዷን ሠራተኞች በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃቸውም። ያን ቀን ግን ደውለን አቁሙ አልናቸው፣ አቆሙ። ልጅቷ የማን ናት፣ ከየት ናት ብሎ የጠየቀን አልነበረም።