ቡሩልቻን ማን ያርዳት

ቡሩልቻ ነጭ ጥምጥሟን አድርጋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከታየች የሳሪ ጃር ሴቶች በራቸውን ይዘጉ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። እንዲያውም ከእሷ የተሻለ ጎረቤት አላጋጠመኝም፤ እኔ ደግሞ ሰው በቀላሉ የማመሰግን ሴት አይደለሁም። ግን የመንደሩ መርዶ ነጋሪ እሷ ነበረች፤ ዘመኑ ደግሞ የጦርነት ዘመን ነበር።

እኛ ኪርጊዞች ሞትን ለባለቤቱ በደረቁ አንናገርም። እናትን "ልጅሽ ሞቷል" ብሎ መንገር በድንጋይ ከመምታት አይለይም። መርዶ በግጥም ይነገራል። ነጋሪው ገብቶ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ከብቱና ስለ ሣሩ ይጠይቃል፤ ከዚያ ከተራራው ወይም ለአደን ተለቆ ጌታው ክንድ ላይ ከሚያርፈው ወፍ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ሰውየው ይደርሳል። ነገሩ እስኪደርስ ድረስ ሰሚው ትንፋሹን ይሰበስባል። ይህን የሚችል ሰው በአንድ ሸለቆ አንድ ቢገኝ ነው። በእኛ ሸለቆ ቡሩልቻ ነበረች።

ከጦርነቱ በፊት ሙያው ክብር ነበረው። በዓመት ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይሞታል፣ እሷ ትጠራለች፣ ከታረደው በግ ደህናው ብልት ይቀርብላታል፣ ስትሄድ ኮት ይደረብላታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአርባ አንድ ወንዶቹ በጋሪ ተጭነው ሄዱ። ከእነሱም መሃል የቡሩልቻ አንድያ ልጅ ጄክሸን ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት የሞት ወሬ የያዘው ጥቁሩ ወረቀት ከግንባር መምጣት ጀመረ። ወረቀቱ እንደማንኛውም ወረቀት ነጭ ነው፤ ጥቁር ያልነው እኛ ነን።

ፖስታ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ባሌ ዘምቷል፤ ፊደል የቆጠረና ፈረስ የሚጋልብ ሌላ ሰው መንደሩ ውስጥ አልቀረም። የኅብረት እርሻው ሊቀመንበር ኮጆማት፣ ከቀድሞ ጦርነት በአንድ እግሩ የተመለሰ ሰው፣ ገና በመጀመሪያው ወረቀት ሕግ አወጣ። ጥቁር ወረቀት ለባለቤቱ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ለቡሩልቻ ይሰጣል። እሷ ማንበብ ስለማትችል እኔ አነብላታለሁ፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። ሌላውን ሁሉ እሷ ታረዳለች። የእሷ ቀን ከመጣስ ማን ያርዳታል? ይህን ጥያቄ ሁሉም በልቡ ይዞታል፤ በአፉ ያወጣው ግን አልነበረም።

ሥራዋን አይቻለሁ። አንድ ግጥም ለሁለት ሰው ተናግራ አታውቅም። ወረቀቱን ካነበብኩላት በኋላ ስለ ልጁ ትጠይቀኛለች። እንዴት ነበር የሚራመደው? በምን ይቆጣ ነበር? እኔ እቸኩላለሁ፣ ፈረሱ ውጭ ታስሮ ይበርደዋል።

"አፓ፣ ግጥሙ ያው ግጥም ነው፤ ያለፈውን ቢደግሙት ማን ያውቃል?" አልኳት አንድ ቀን፤ ታላቅ ሴትን "አፓ" ነው የምንላት።

"እናቱ ታውቃለች" አለችኝ። "ሙታን በአንድ ብረት የሚተኮሱ በጎች ናቸው እንዴ? አንቺ ሙሽሪት፣ ለደብዳቤው እንጂ ለሰው አትቸኩይም።"

የባትማ ልጅ ግልገል ፈረስ የሚገራ ጎበዝ ነበር። ቡሩልቻ ባትማ ቤት ገብታ የበሶ ውሃ ጠጣች፤ ሻይ እንኳ አልነበረም። ስለ ላሟ ጠየቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፦

ግልገል ፈረስ ገራ፣ ልጓም አስለመደ፣
ጌታው ሳይመለስ፣ ፈረሱ ወረደ።

ባትማ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስትጨርስ "ተባረኪ፣ የእኔን ልጅ አውቀሽዋል" አለቻት፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለቅሶዋን ጀመረች። ሰው መርዶ ላረዳው "ተባረክ" ሲል የሰማሁት በቡሩልቻ ብቻ ነው።

እንዲህ እያለች በሁለት ክረምት አሥራ ዘጠኝ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ግን ፈሯት። ልጆች ሲያዩዋት ይሮጣሉ። ሴቶች ምንጭ ላይ ስትደርስባቸው እንስራቸው ሳይሞላ ይነሳሉ። ሳይሸሽ የቆየ ሰው ወሬ ያወራታል፣ ግን ዓይኑ ከአፏ አይነሳም።

በአርባ ሦስት መኸር የሱዩምካን ነገር መጣ። ሱዩምካን የታችኛው መንደር ሴት ናት፤ ልጇ ዘምቶ ከተራራ ማዶ ሆስፒታል ተኝቷል። ቡሩልቻ ገብስ ልትነፋ ፈልጋ ወንፊቷ ተቀደደባት። ዱላዋን ይዛ ወደ ሱዩምካን ቤት ወረደች። ሱዩምካን በመስኮት አየቻት። ሌላ ነገር አልጠበቀችም፤ ፀጉሯን ፈታች፣ ጉንጯን በጥፍሯ ቧጨረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የልጇን ለቅሶ ጀመረች። ጎረቤት ሰማ፣ እየጮኸ መጣ። ከዘመቻ የቀሩት ወንዶች እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምረው "ወንድሜ" እያሉ በፈረስ ደረሱ። ቡሩልቻ በሩ ላይ ቆማ "ወንፊት ነው የፈለግሁት" ትላለች። በዚያ ጩኸት ማን ይስማት!

ነገሩ ሲገባቸው ለቅሶው ቀጥ አለ። ለሕያው ልጅ ተለቅሷል። ከዚህ የሚከፋ ምን ሟርት አለ? ሱዩምካን በደማ ፊቷ ወጥታ ቡሩልቻ ፊት ቆመች።

"ምን ልሁን ብለሽ ነው የመጣሽ?"

"ወንፊት ልዋስ።"

"ወንፊት! ሰው ላንቺ ወንፊት ነው፤ ነፍተሽ ነፍተሽ ጨረስሽን። ከዛሬ ወዲያ ጥቁር ወረቀት ይዘሽ ካልሆነ ደጄን አትርገጪ። ይዘሽም አትምጪ።"

ቡሩልቻ ዱላዋን ይዛ ተመለሰች። ወንፊቱን የሰጣት እንኳ አልነበረም፤ እኔ ከቤቴ አመጣሁላት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣች፤ ሳስበው ዛሬም አንጀቴን ይበላዋል። ሰው ቤት ስትሄድ ከሩቁ መጮህ ጀመረች። "ጨው ልዋስ ነው! ጨው ነው!" እያለች ትመጣለች። "እሳት ልጭር ነው! እሳት!" ወጣቶች ይስቁባት ነበር። አንዱ ምናምንቴ ድምጿን አስመስሎ "ጨው ነው!" እያለ በየደጁ ሲዞር ይዤ በአለንጋ ገርፌዋለሁ። አይቆጨኝም። እሷ ግን "ተዪው፣ ይሳቅ፤ በእኔ የሚስቅ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ" አለችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በአርባ አራት መጋቢት፣ በረዶው ሲቀልጥና መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ፖስታ ቤት ገብቼ ከተሰጠኝ እሽግ መሃል የጄክሸንን ስም አነበብኩ። ፈረሴ ላይ አልወጣሁም። ልጓሙን ይዤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ፤ ቶሎ መድረስ አልፈለግሁም።

ኮጆማት ወረቀቱን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ሁለት ሽማግሌዎች አስጠራ። ተቀመጥን።

"አንቺ ንገሪያት፤ ትወድሻለች" አለኝ።

"ግጥም አላውቅም፣ ባይኬ" አልኩት፤ ጋሼ እንደማለት ነው።

"በደረቁ ንገሪያት እንግዲህ።"

"እርስዎ ይንገሯት በደረቁ። ሊቀመንበር እርስዎ ነዎት።"

ወረቀቱን አጠፈው። ለአሥራ ዘጠኝ ቤት ያረዳችን ሴት በደረቁ መግደል ነውር መሆኑን እሱም ያውቃል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "በሸለቆው ውስጥ ይህን ግጥም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው" አለ። ኮጆማት ቀና ብሎ አየው። "እንግዲያው እሷው ትግጠመው" አለ። "ከተራራ ማዶ አንዲት ሴት አለች፣ አንድያ ልጇ ሞቷል፣ ነጋሪ የላቸውም እንላታለን። ትገጥማለች፤ አንቺ፣ ሳይካል፣ ቃሉን ትይዢዋለሽ። ከዚያ እንነግራታለን።"

ዛሬ ላይ ሆኜ እምቢ አልኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። ፈሪዎች ነበርን፤ ሽማግሌዎቹም፣ ባለ አንድ እግሩ ጀግናም፣ እኔም። ፍርሃታችንን ለእሷ አሸከምናት።

እኩለ ቀን ላይ ቤቷ ገባን። ለጄክሸን ሠርግ ብላ የጀመረችውን የሱፍ ምንጣፍ እየሰፋች ነበር፤ ቀዩን በነጩ ላይ፣ የበግ ቀንድ ቅርጽ። ወንዶቹን ስታይ መርፌዋን ቆም አደረገች።

ኮጆማት ቸኩሎ "ወደ አንቺ አይደለም፣ ቡሩልቻ" አለ። "ለሥራ ነው።" ያዘጋጀውን ውሸት ነገራት። እሷም ትንፋሿን ለቀቀች። ደስ አላት፤ አየሁት። ከተራራ ማዶ የሰው ልጅ ሞቶ የእሷ በሕይወት ስላለ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

"ልጁ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?" አለች፣ መስፋቷን እየቀጠለች።

"ጥሩ ልጅ" አለ ኮጆማት።

"የሞተ ሁሉ ጥሩ ልጅ ነው። እኔ የምጠይቀው ውሃ ሲጠጣ እንዴት ነበር የሚጠጣ? ሲያወራስ?"

ኮጆማት ወደ እኔ ዞረ። ውሸቱን ስናዘጋጅ ልጁን አላዘጋጀነውም ነበር። ከአሥራ ዘጠኙ የአንዱን ባህርይ መዋስ እችል ነበር። ግን እዚያ ቤት፣ ያ ምንጣፍ ፊቴ ተዘርግቶ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ቆመ።

"ምንጭ ላይ በሆዱ ተኝቶ ነው የሚጠጣው" አልኩ። "ወግ ሲያወራ ደግሞ... ሳይጨርስ ራሱ ይስቃል።"

መርፌው ቆመ። ቀና አላለችም። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ያዙ። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይኼ ነው፤ ራሷ ማስተዛዘኛውን ልትሠራ የተቀመጠችን ሴት እኔ በሁለት ዓረፍተ ነገር አረዳኋት፣ በደረቁ። እንድትጮህ ጠበቅሁ። እንድትመታኝ ጠበቅሁ። እሷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ዓይኗን ጨፍና መግጠም ጀመረች፤ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ እየሞከረች፣ የማይስማማውን እየጣለች፣ ሌላ እያነሳች። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንድ ጊዜ በሙሉ ተናገረችው፦

ከምንጭ ተደፍቶ፣ ውሃ የሚጠጣ፣
ምንጩ ይጠይቃል፣ ለምን እንዳልመጣ።
ወግ ጀምሮ መሃል፣ ቀድሞን እየሳቀ፣
ቀሪውን ሳንሰማ፣ ጨዋታው አለቀ።
ክንድሽን አውርጂው፣ ደከመሽ እናቱ፣
ሩቅ አገር በረረ፣ ቀረ ጭልፊቱ።

"ይዘሽዋል?" አለችኝ።

"ይዤዋለሁ፣ አፓ።"

"እንግዲያው ንገሪኝ። ሰው ለራሱ አያረዳም።"

ኮጆማት "ቡሩልቻ፣ እኛ እኮ..." ብሎ ጀመረ። "አንተ ዝም በል፣ ኮጆማት፤ ተራው የእሷ ነው" አለችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ልክ እንደ ባትማ፣ ልክ እንደ ሌሎቹ።

ጀመርኩ። ምንጩን ተናገርኩ። ሳቁ ላይ ስደርስ "እየሳቀ" ማለት ሲገባኝ "እያወራ" አልኩ።

"እየሳቀ" አለችኝ። "እንዲያ ካልሽ ቤት አይመታም። ከሳቁ ጀምሪ።"

ደግሜ ጀመርኩ። ትክክል አልኩት። ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ሙሽራ ስፌት ስትማር እንደሚደረግ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ደረስኩ። "ሩቅ አገር በረረ" አልኩና ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ያለው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"ጨርሺው።"

"ሰምተውታል እኮ፣ አፓ። እርስዎ ነዎት የገጠሙት።"

"ገጠምኩ እንጂ አልሰማሁም። 'ቀረ' በይ። ካላልሽው አልደረሰኝም፤ ዕድሜ ልኬን በር በር ሳይ ልኖር ነው። ለባትማ ያደረግሁትን ለእኔ ትነፍጊኛለሽ?"

"ቀረ" አልኩ። "ቀረ ጭልፊቱ።"

"ተባረኪ" አለችኝ። ጥምጥሟን አወረደች፣ ሽበቷን ፈታች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ሴቶቹ መጡ፤ ሱዩምካንም መጣች። ቤቱ ሞላ፣ ያልቻለው ደጅ ቆመ። የሁላችንን ልጆች ያስለቀሰች ሴት ለራሷ ልጅ ምን ዓይነት ሙሾ ታወጣ ይሆን ብለው ጆሯቸውን አቅንተው ነበር፤ እኔም አቅንቼ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። እስኪመሽ ቆየን። ከ"ልጄ" በቀር አንድ ቃል አልወጣትም።