ለዳቦና ለሻይ የፈረምኩት ፊርማ

ትናንት ትምህርት ቤታችን ውስጥ የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ሰኔ ገብቶ የአምቦ ሰማይ ማጉረምረም ጀምሯል። አዳራሻችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ማንም የማንንም ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ልጨርስ አስቤ ነበር። የመጪው ዓመት በጀት ጎድሏል፤ ምን እንደሚቀነስ የሚወስን አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ከወላጆች መመረጥ አለበት። ርእሰ መምህርቷ እኔ ነኝ። «ጊዜ እንዳናባክን የተዘጋጀ ጥቆማ አለ» አልኩና ከኮቴ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣሁ። ስሞቹን አንብቤ «የምትደግፉ» ስል አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት ብቻ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ዝም ብለው ያዩኛል።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ክው አልኩ። እንዲህ ያለ ወረቀት አውቃለሁ። ጋቢ ውስጥ የቀረ እጅም አውቃለሁ።

ነገሩ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የወረዳ ምክር ቤት አባልም ነበርኩ። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታ ይጻፋል ወይ የሚል ካለ፣ ወረዳ ምክር ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ቁጭ ይበልና ይሞክረው፤ ሰው እዚያ ቶሎ ያረጃል። የወረዳዋን ስም አልጠራም። በጊንጪና በአምቦ መካከል ካሉት አንዷ ናት ብትሉ አትርቁም። ታችኞቹ ቀበሌዎች አስፋልቱን ተከትለው የተኮለኮሉ ናቸው፤ ላይኞቹ ደጋው ላይ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው።

እኔ መምህርነት የጀመርኩት እዚያ ላይ፣ ደጋው ነው። ኮሌጅ ጨርሼ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዤ ስወጣ ያሳደሩኝ ኦቦ ዳባ ነበሩ። ኦቦ ዳባ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ገበሬ ናቸው፤ ስለ ማንም ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለ ጦጣ ካልሆነ በቀር፤ ድንቻቸውን ትበላባቸዋለች። ከጓሯቸው አንዲት ክፍል ሰጡኝ። ባለቤታቸው ማለዳ ማለዳ የገብስ ጭኮ በቅቤ ለውሰው ያመጡልኝ ነበር፤ እምቢ ብል በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብርዱ የሚፈራው ቅቤ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር ኦቦ ዳባ። በዚያ ዓመት አምስት ኪሎ ሳልጨምር አልቀረሁም።

በዓመቱ አስፋልት ዳር ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። እንዴት ተዛወርሽ አትበሉኝ። መምህራን ስብሰባ ላይ ቅጽ ዞረ፣ ሰው ሁሉ ሲሞላ እኔም ሞላሁ፤ የድርጅት አባል ሆንኩ። ያኔ ገዢውን ፓርቲ «ድርጅት» ነበር የምንለው። ትንሽ ቆይቶ የምክር ቤት እጩ ሆነሻል ተባልኩ። የድርጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ኦቦ ኢተፋ ነገሩን ሲያስረዱኝ አልሸሸጉም፤ «ሴትም ወጣትም ነሽ፣ በአንድ ወንበር ሁለት ኮታ ትሞይልናለሽ» አሉኝ። ተመረጥኩ። ኦቦ ዳባም ከላይ ቀበሌ ተመርጠው መጥተው ነበር፤ እሳቸውም እንደኛው የድርጅት አባል ናቸው። ምክር ቤቱ ውስጥ አባል ያልሆነ ወንበሩ ብቻ ነበር።

በሐምሌ የበጀት ጉባኤ ተጠራ። የወረዳው በጀት ጎድሏል፤ ምን እንደሚቀነስ አጥንቶ የሚያቀርብ አምስት ሰው ያለበት ጊዜያዊ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ወጋችን በኦሮምኛ ነበር፤ በአማርኛ ስተርከው ከጣዕሙ ግማሹ እንደሚፈስ አውቃለሁ። ኦቦ ኢተፋ ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ለአፈ ጉባኤው አቀበሉ። አምስት ስም ተነበበ። የመጀመሪያው የራሳቸው የኦቦ ኢተፋ፣ አምስተኛው የእኔ ነበር። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። መስከረም ላይ ለዲግሪ ከሚላኩት ውስጥ ስምሽ አለ ተብዬ ነበርና፣ ይሄም ለዚያ መንገድ ጠራጊ መሰለኝ።

ኦቦ ዳባ ተነሡ።

«ጃርሱማ ስንቀመጥ» አሉ፣ ሽምግልናን ማለታቸው ነው፣ «ይሄኛው ጠበኛ ሁለት ሽማግሌ ያመጣል፣ ያኛውም ሁለት ያመጣል፣ አምስተኛውን አብረው ይመርጣሉ። ሁሉንም ሽማግሌ አንዱ ካመጣማ ለምን ይደክማል፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለራሱ ይፍረድ። ከተጠሩት ውስጥ ላይ ቤት ያለው ሰው አልሰማሁም።»

አፈ ጉባኤው ፈገግ አሉ። «ኦቦ ዳባ፣ ይሄ ኮሚቴ እንጂ እርቅ አይደለም። እዚህ የተጣላ የለም፤ ሁላችንም የአንድ ድርጅት ልጆች ነን።»

«እሱማ ነን። የአንድ አባት ልጆችም እኮ ሽማግሌ የሚጠሩት ርስት ሲካፈሉ ነው።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። «የምትደግፉ» ተባለ። እዚያ ቤት እጅ ማንሣት እንደ ማዛጋት ነበር፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይከተላል። የእኔም እጅ ሳላዘው ወጣ። የኦቦ ዳባ ብቻ ከጋቢው ሳይወጣ ቀረ። አፈ ጉባኤው አይተው «የኦቦ ዳባን እጅ ብርድ ይዞታል» አሉና «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብለው አለፉ። ቃለ ጉባኤው ከዋዜማው ተተይቦ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ገብቶበት እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። በዚያ ቀን ደግሞ መብራት አልነበረም፣ ላስተካክለው ቢሉም አይሆንም።

ስንወጣ ኦቦ ዳባ አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ይቀየሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ያሽሟጥጡኛል ስል ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው «ሃዊ፣ ከአምስታችሁ ውስጥ መንገዳችንን በእግሯ የምታውቅ አንቺ ብቻ ነሽ። ዝም ካልን ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን ብቅ በይ። እጅሽን አይደለም የምለምንሽ፣ እግርሽን ነው» አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዳቦና ሻይ ቀረበ፤ ለመስተንግዶው ሒሳብ ማወራረጃ ነው ተብሎ ከስማችን በቀር ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ በየስማችን ትይዩ ፈረምን። ከዚያ ኦቦ ኢተፋ ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ ላይ ያለው የእንስሳት ጤና ኬላ ይዘጋ፣ ባለሙያው ወደ ታች ይዛወር። ላይኞቹ ከብታቸውን ታመመ ሲሉ ወደ አስፋልቱ ይንዱ። «መጀመሪያ ሄጄ ልየው» አልኩ። «ሂጂ እንጂ፣ እኛ ምን ወሰንን፣ ወግ ላይ ነን» አሉኝ በደግ ፊት። ዳቦዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ሐምሌ ላይ ያ መንገድ መንገድ አይባልም፤ ጭቃው ጫማን ይይዛል፣ እግር ብቻውን ይወጣል። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ስደርስ ኬላው ደጅ ላይ ገበሬው ከነከብቱ ተሰልፏል። ባለሙያው ለሚ የሚባል ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በሬዋን እየጎተተች ደረሰች፤ ጤዛ ያለበት ለጋ ሣር ግጦ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ፈጧል። ለሚ ካፖርቱን ጥሎ ግራ ጎኑን ዳሰሰ፣ ወፍራም መርፌውን አስገባ፤ አየሩ ፉሽ እያለ ወጣ። ሴትየዋ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። በሬው ትንሽ ቆይቶ ማመስኳት ሲጀምር እሷ ማልቀስ ጀመረች።

«ያላት እሱ ብቻ ነው» አሉኝ አጠገቤ የቆሙት ኦቦ ዳባ። «ከጎረቤቷ በሬ ጋር መቀናጆ አቀናጅታ ነው የምታርሰው። ላይ ቤት ጥንድ በሬ ያለው ስንቱ ነው ብለሽ ነው፤ አንድ በሬ ሲሞት ሁለት ቤት ይጦማል። ይሄን በሬ አስፋልት ድረስ ብትነዳው የት ላይ የሚወድቅባት ይመስልሻል?»

ዓመት ሙሉ እዚያ ኖሬ መቀናጆን አይቼዋለሁ፣ አስቤው ግን አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ባለቤታቸው ድንች ቀቅለው በዳጣ አቀረቡልን፤ በላሁና ያንኑ ጭቃ ይዤ ወረድኩ።

ሰኞ ጉባኤው ሲቀመጥ ኦቦ ኢተፋ ሪፖርቱን አነበቡ። የእንስሳት ጤና ኬላው ይዘጋል፤ «የኮሚቴው አባላት በሙሉ ተስማምተው ፈርመዋል» ብለው ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩ። ከሩቅ አየሁት። ያ የዳቦና የሻይ ወረቀት ነው። የእኔ ፊርማ፣ በደስታ ተጠምዝዞ፣ አምስተኛው መስመር ላይ።

ዲግሪዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ እውነቱን ልናገር። እናቴም፣ የተከራየኋትም ቤት። ወደ ኦቦ ዳባ ዞር ስል እሳቸው እኔን አያዩም፤ እንዳላፍር ብለው መሰለኝ መስኮቱን ያያሉ። ያ ነው ያስነሣኝ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ። «የፈረምኩት ግን ለዳቦና ለሻይ ነው። ስለ ኬላው የፈረምኩት ነገር የለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን መቱ። ሳቁ ሲበርድ ስለ ሴትየዋ በሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ሳቁ ጠፋ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ከግማሽ በላይ ገበሬ ነው፤ ታችም ላይም መቀናጆ ያልቀመሰ የለም። «የምትደግፉ» ተባለ። ጥቂት እጅ ወጣ። የቀረው ከጋቢ ውስጥ አልወጣም፤ ያን ቀን ብርድ የያዘው ሰው በዛ።

እዚያ ቤት ድምፅ ተቆጥሮ አያውቅም ነበር። አፈ ጉባኤው በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደገሙት፣ ሁለቱ ቆጠራ አልገጠመም። ኦቦ ኢተፋ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ሹክ አሉ። «ጉዳዩ በጥልቀት ታይቶ ለቀጣዩ ጉባኤ ይተላለፍ» ተባለ። ይተላለፍ የተባለ ነገር በእኛ አገር የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እስከ ዛሬ አልመጣም። ኬላው እዚያው ቆሟል።

እኔ ግን እዚያው አልቆምኩም። ለዲግሪ ከሚላኩት ስሜ ወጣ፤ መስከረም ላይ «ለሥራው ቅልጥፍና» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያው ትምህርት ቤቴ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሻንጣዬንና ፍራሼን አስፋልቱ ዳር አስቀምጬ ስቆዝም ኦቦ ዳባ ፈረሳቸውን እየሳቡ ደረሱ። ሻንጣውን አነሡ፣ ፍራሹን ጫኑ፣ ገመዱን ጠበቅ አደረጉ፤ ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«እግርሽን ብቻ ነበር የለመንኩት» አሉኝ፣ «ሙሉዋን ሃዊን ላኩልኝ።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። አልቅሼ ወጣሁ፣ አልቅሼ ወረድኩ፤ ዲግሪውንም ዘግይቼ በራሴ ክረምት ክረምት ተማርኩ። ኦቦ ኢተፋን ለብዙ ጊዜ በልቤ ስረግማቸው ኖሬአለሁ።

እንግዲህ ትናንት፣ ያ ወረቀት እጄ ላይ እንዳለ፣ የኋለኛውን ወንበር አባት «አባባ፣ እጅዎን ብርድ ይዞት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«አይ መምህርት። የእኔ ልጆች ማዶ ባለችው ቅርንጫፍ ነው የሚማሩት። ከጠሯቸው ሰዎች ውስጥ ወንዙን የሚሻገር ስለሌለ ነው።»

ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ለትንንሾቹ የተከፈተች ሁለት ክፍል አለችን። የሚቀነሰው ምን እንደሆነ በልቤ ጨርሼው ነበር፤ እሷን። ወረቀቱን አየሁት፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። ክፋት አስቤ አልጻፍኩትም፤ ስልካቸው ያለኝን፣ ስጠራቸው ቶሎ የሚመጡልኝን፣ የማያደክሙኝን አምስት ሰዎች ነው የጻፍኩት። ምናልባት ኦቦ ኢተፋም እንዲሁ ነበሩ። ይህን ለማሰብ ዐሥራ ሁለት ዓመትና አንድ የታጠፈ ወረቀት አስፈለገኝ፤ እርግማኔን ትናንት አነሣሁላቸው።

ምርጫው ለሳምንት ይተላለፍ አልኩ። ደግሞ ይቺ «ይተላለፍ» እንዳታታልለኝ ብዬ ለአባትየው ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ወደ ቤት ስመለስ ኦቦ ዳባ ጋ ደወልኩ። ጆሯቸው ደክሟል፣ እየጮህኩ ነው የነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «የፈረመ አለ?» አሉኝ።

«ገና ነው» አልኩ።

«ደግ። እግርሽስ እንዴት ነው?»

ይህን የምጽፈው እሑድ ከሰዓት ነው። ቦቲዎቼን አጥቤ በር ላይ አቁሜአቸዋለሁ። ነገ ጧት ወንዙ ዳር አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ይጠብቁኛል።